ባለ 50 ቅጠል ቤት፦ ሶዶ ላይ ጎጆ የመቀለስ ዋጋ

ወላይታ ውስጥ የአንድ ቤት ትልቅነት ሲነገር ካሬ ሜትር ብዙም አይነሣም። ጥያቄው «ስንት ቆርቆሮ ነው?» የሚል ነው። ባለ 30 ቅጠል ሲባል ሰሚው ወዲያው ትንሿን የሙሽራ ቤት ያስባታል። ባለ 50 ሲባል ሳሎንና ሁለት መኝታ ክፍል ይታየዋል። 80 ከተባለ «ከበድ ያለ ነው» ይላል። በሣር ክዳን ዘመን እንዲህ ያለ ቁጥር አያስፈልግም ነበር፤ ሣር አይቆጠርም። ቆርቆሮ ግን በቅጠል እየተቆጠረ፣ በጥሬ ገንዘብ እየተከፈለ የሚገዛ ነው። ቤትን ከገንዘብ ጋር ያቆራኘው ዋናው ዕቃ እሱ ነው፤ መለኪያ ሆኖ የቀረውም ለዚህ ይመስለኛል።

በዚህ ዳሰሳ ባለ 50 ቅጠሉን ቤት ይዤ እሄዳለሁ። ወርዱ ስድስት፣ ቁመቱ ስምንት ሜትር፣ በጠቅላላው 48 ካሬ ሜትር ነው እንበል። ክዳኑ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ሲል 50 ቅጠል ገደማ ይፈጃል። የአንዱን ዕቃ የብር ዋጋ ዛሬ ብጽፈው ጽሑፉ እጃችሁ ሳይገባ ያረጃል። ስለዚህ መጠኑን እሰጣችኋለሁ፤ እናንተ በዕለቱ ዋጋ አባዙት። ስሌቱ የራሴ ነው፤ እንደ አፈሩና እንደ ንድፉ ከፍና ዝቅ ይላል።

የማምንበትን ከፊት ላስቀምጥ። ሶዶ ላይ ቤት ውድ ነው፤ ሲሚንቶውም ብረቱም ውድ ስለሆነ ነው። ከሁለቱ የሚብሰው ወጪ ግን ደረሰኝ የለውም። ቤቱ ተቆራርጦ፣ እየቆመ እየተጀመረ፣ አምስትና ስምንት ዓመት ፈጅቶ መሠራቱ ነው ዋናው ወጪ።

ሣሩ የት ሄደ?

በወላይትኛ ቤት «ኬታ» ነው። የጥንቱ ኬታ ክብ፣ ክዳኑ ወደ መሬት ዝቅ ያለ፣ በእንሰት የተከበበ ነበር። ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ያድሩ ነበር፤ ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ሣሩን እያጠነ ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቀው ነበር። እንጨቱ ከጓሮ፣ ማሰሪያው ከእንሰት ቃጫ፣ ሣሩ ከግጦሽ መሬት፣ ጉልበቱ ከጎረቤት ደቦ ይመጣ ነበር። ባለቤቱ የሚያወጣው ወጪ ለሠራተኛው የሚቀርበው ምግብና መጠጥ ነበር፤ እሱም ቀላል አልነበረም፤ ግን ከገበያ በብር የሚገዛ አልነበረም።

ጎረቤት ጋሞ ውስጥ፣ ዶርዜ ላይ፣ ይህ ጥበብ ዛሬም በዓይን ይታያል። በቀርከሃ የሚጠለፈው ረጅሙ የዶርዜ ቤት ሥሩን ምስጥ ሲበላው ከታች ይቆረጣል፤ እያጠረ ያረጃል፤ ሲያስፈልግም በሰው ትከሻ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይተከላል። የቤት ጥገና ከመጀመሪያው ታስቦበት ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ እዚያ ሄዶ ይመልከት።

ወላይታ ላይ ሣሩ የጠፋው ሰው ስለናቀው ብቻ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ዞኑ 1.5 ሚሊዮን ሰው ነበረው፤ ስፋቱ ደግሞ 4,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህም ሕዝቡ ጨምሯል። ቦዲቲ፣ አረካ፣ ጉኑኖ ዙሪያ አብዛኛው ገበሬ የሚያርሰው ከግማሽ ሄክታር ያነሰ ነው። ግጦሽ ሲታረስ የክዳን ሣር አብሮ ታረሰ። ሣር ከሌላ ቦታ ተገዝቶ፣ ተጓጉዞ፣ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየር ከተባለ ቆርቆሮ ይረክሳል። ሰዉ ሒሳቡን አሳምሮ ያውቀዋል። የቀረለት የጓሮ ሀብት ባህር ዛፍ ነው፤ በማሳው ዳር የተከለው ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ በአራት በአምስት ዓመት ለማገርና ለቋሚ ይደርሳል። ለወላይታ ገበሬ የቤት ቁጠባው ደብተር ያ የባህር ዛፍ ረድፍ ነው። ልጁ ሲወለድ ይተከላል፤ ልጁ ሲያገባ ይቆረጣል።

የጭቃ ቤት፣ በደንብ ሲሠራ

ሶዶ ከተማ ውስጥም ሆነ በወረዳ ከተሞቹ፣ በተለይ ገጠሩ ላይ፣ አብዛኛው ሰው የሚኖርበት የጭቃ ቤት ነው። በባህር ዛፍ ተዋቅሮ፣ በጭቃ ተመርጎ፣ በቆርቆሮ የተከደነው ማለቴ ነው። ለባለ 50 ቅጠሉ ቤት የውጭና የውስጥ ግድግዳው አንድ ላይ 40 ሜትር ያህል ይረዝማል። ቋሚው በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ቢተከል 160 አጠና ይፈልጋል። ማገሩ፣ ወራጁ፣ ሞራሌው ከዚህ ላይ ይጨመራል። ምርጊቱ እስከ 15 ሜትር ኩብ አፈር ይበላል። የወላይታ ቀይ አፈር ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ይይዛል፤ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ለሳምንታት ሲብላላ ደግሞ ይጠነክራል። ሳይብላላ የተመረገ ጭቃ እንደሚሰነጠቅ የሚያውቁት ጭቃውን ሲረግጡ ያደጉት ናቸው፤ ለዚህ ትምህርት ቤት አልተከፈተም።

ወቅቱም ዋጋ አለው። የበልጉ ዝናብ መጋቢት ላይ ይጀምራል፤ ክረምቱ ይከተላል። ምርጊት የሚደርቅበት ደረቅ ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው አራት ወር ብቻ ነው። እንጨቱን በጥር አቁሞ ገንዘብ ያለቀበት ሰው ክረምቱን ያለ ምርጊት ያሳልፋል፤ በመስከረም ሲመለስ ቋሚው ተጣሟል፤ ማገሩ ላልቷል፤ ከታች በኩል ምስጥ ጀምሮታል። እዚህ ጋ ነው ተቆራርጦ የመሥራት ዋጋ መጀመሪያ የሚታየው። በአንድ ወቅት የሚያልቀው ቤት በሁለት ወቅት ሲሠራ ከእንጨቱ ሲሶው ሁለት ጊዜ ይገዛል።

የጭቃ ቤት በመጥፎ ስም የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ግድግዳው ይፈርሳል ይባላል። ሁለቱም የጭቃው ጥፋት አይደሉም። አንደኛው ቋሚው በቀጥታ መሬት ውስጥ ስለሚቀበር ነው፤ የተቃጠለ ዘይት ቢቀባም ምስጡን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ሁለተኛው ከክዳኑ የሚወርደው ውኃ መሬት መትቶ ግድግዳው ላይ ስለሚረጭ ነው። ሶዶ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። የቤታችን ክዳን ከላይ ሲታይ 66 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ማለትም በየዓመቱ ከ66 ሺህ ሊትር በላይ ውኃ ከዚያ ጣሪያ ላይ ወርዶ ግድግዳው ሥር ይፈሳል። ግድግዳው በዚያ ሁሉ ውኃ ሥር ቆሞ 20 ዓመት መኖሩ ነው የሚገርመኝ።

መድኃኒቱ ሁለት ነገር ነው፤ የድንጋይ መሠረትና አሸንዳ። ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ከቁፋሮው ጀምሮ ቁመቱ አንድ ሜትር የሆነ፣ ግማሹ ከመሬት በላይ የሚታይ መሠረት ለዚህ ቤት 16 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይፈልጋል። ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ ቢገነባ 20 ኩንታል ገደማ ይበላል። ከመሬት በታች ያለው በጭቃ ተገንብቶ ከላይ ያለው ብቻ በሲሚንቶ ቢሆን ደግሞ ግማሹ ይበቃል። ቋሚው በድንጋዩ ላይ ይቆማል እንጂ መሬት አይነካም። እንዲህ የተሠራ የጭቃ ቤት ክዳኑ እስከሚያረጅ ድረስ ይኖራል፤ ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት የዳሞታ ተራራን ብርድ የሚመክት ግድግዳም አለው። ብሎኬት ይህን በእኩል አያደርገውም።

ወደ ብሎኬት ስንሻገር

ያው ስድስት በስምንት ቤት በብሎኬት ይሠራ። ከበርና መስኮቱ ሌላ 104 ካሬ ሜትር ግድግዳ ይኖረዋል፤ በካሬ 12 ተኩል ብሎኬት ቢቆጠር 1,300 ብሎኬት ነው። የድንጋይ መሠረቱ፣ ግሬድ ቢሙ፣ ኮለኑ፣ ቶፕ ታይ ቢሙ፣ የወለሉ አርማታ፣ የብሎኬት ማያያዣው፣ የውስጥና የውጭ ልስኑ፣ ሊሾው ሁሉ ሲደመር ከ80 እስከ 100 ኩንታል ሲሚንቶ ይወስዳል። በአይሱዙ ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ጭነት ነው። አሸዋው 20 ሜትር ኩብ አካባቢ፣ ጠጠሩ 10 ነው። ብረቱ ደግሞ ባለ 12 ሚሊ ፌሮ 50 ገደማ፤ አንዱ 12 ሜትር ርዝመትና ከ10 ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ ክብደት ስላለው ከአምስት ኩንታል በላይ ብረት ማለት ነው፤ ስታፋው ሲጨመር ይበልጣል። በር፣ መስኮት፣ ኮርኒስ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ቀለም፣ ሽንት ቤትና ሴፕቲክ ገና አልተነኩም።

እንግዲህ እያንዳንዱ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። የአገሪቱ ትልልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ሙገር፣ ደርባ፣ ዳንጎቴ፣ ሐበሻ፣ በመስከረም 2017 የተመረቀው የለሚ ፋብሪካ፣ መሰቦና ድሬዳዋ ያሉት ናቸው። ሁሉም ከአዲስ አበባ በሰሜን፣ በምዕራብ ወይም በምሥራቅ ይገኛሉ። ሶዶ በሆሳዕና በኩል ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስለዚህ ከፋብሪካ የወጣው ሲሚንቶ ዋና ከተማውን አልፎ፣ ቡታጅራንና ሆሳዕናን አቋርጦ፣ ነዳጅ እየበላ ይደርሳል። በ2017 ዓ.ም. ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ናፍጣም ሲከተለው፣ ጭማሪው ከሲሚንቶው ጋር ሶዶ ገባ። ከሶዶ ተነሥቶ ወደ በሌ፣ ወደ ገሱባ ወይም ወደ ሀላሌ የሚሄደው ኩንታል ደግሞ ሌላ ጭነት ይጨመርበታል። የገጠሩ ሰው ከከተማው ያነሰ ገቢ ይዞ ከከተማው የበለጠ ዋጋ የሚከፍለው ለዚህ ነው።

ፌሮና ቆርቆሮ ከዚህም ሩቅ ይመጣሉ። እዚህ የሚቀልጠውና የሚዳመጠው ብረት ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው ከውጭ በዶላር ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ያን ሰሞን መሠረቱን ጨርሶ ፌሮ ሊገዛ የተዘጋጀ የሶዶ መምህር ምን እንደገጠመው ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ያጠራቀመው ብር አልተቀነሰም፤ ግን ቤቱ ግማሽ ሆነ።

ሲሚንቶው ራሱ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ችግሩ ዋጋው ብቻ አልነበረም፤ አለመገኘቱም ነበር። መንግሥት ሥርጭቱን በኮታ ሲያስተዳድር፣ ከፋብሪካ የሚወጣበት ዋጋና ሱቅ ላይ የሚሸጥበት ዋጋ የማይተዋወቁበት ጊዜ አልፏል። ቤት ሠሪው ሰው ሲሚንቶ ያገኘ ዕለት፣ አስፈለገውም አላስፈለገውም፣ ይገዛ ነበር። በዳሞታ ጉም እርጥበት ውስጥ ሦስት ወር የተቀመጠ ሲሚንቶ ግን ከጥንካሬው አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ይጓጉላል። እንዲህ ያለውን ሲሚንቶ በወንፊት ነፍቶ ለኮለን ያዋለ ሰው አላነሰም። ለምን እንዳደረገው ይገባኛል፤ ነገር ግን ኮለን ላይ መዋሉ ስሕተት ነው። ለሊሾ ወይም ለአጥር መዋል ነበረበት።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ?

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የደመወዝ ስኬል በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዙ 11,500 ብር ነው፤ ዝቅተኛው እርከን 6,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ፣ ምግብና ትምህርት ቤት ይወጣል። የሚተርፈውን ሰብስቦ 100 ኩንታል ሲሚንቶና አምስት ኩንታል ብረት በአንድ ጊዜ መግዛት የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ያጠራቅማል። የት?

ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ ለዓመታት 7 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ባንክ ያስቀመጠ ሰው በዚያ ዓመት ከእያንዳንዱ አምስት ብሎኬት አንዱን ያህል ባንክ ውስጥ አጣ። ሕዝቡ ይህን ከኢኮኖሚ ባለሙያ ቀድሞ ተረድቶታል። ስለዚህ ቁጠባውን ወደ ዕቃ ለወጠው። ግቢ ውስጥ የተከመረ ድንጋይ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ብሎኬት፣ አልጋ ሥር የተደረደረ ቆርቆሮ የወላይታ ቤት ሠሪ የቁጠባ ሒሳብ ነው። ድንጋይ አይበሰብስም፤ ቆርቆሮም በደረቅ ቦታ ይቆያል። ሲሚንቶ ግን ከላይ እንዳልኩት ጊዜ አይሰጥም።

ዕቁብ ሌላው መንገድ ነው። ወላይታ ለጊፋታ በዓል የሥጋና የቅቤ ዕቁብ ዓመቱን ሙሉ እየጣለ የሚያከብር ሕዝብ ነው፤ ተሰብስቦ መቆጠብን ማንም አያስተምረውም። ያ ልማድ ለቤትም ሲውል አይተናል፤ ዕጣው የደረሰው ቆርቆሮ ይገዛል። ዕቁብ የራሱ ገደብ አለው፤ የአንድ ዓመት ገንዘብ እንጂ የአሥር ዓመት ገንዘብ አይሰበስብም።

የአሥር ዓመት ገንዘብ ከባንክ ይጠበቃል። ለቤት ማበደር ዋና ሥራው የነበረው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ በኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ንግድ ባንክ ተጠቃለለ። በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጎህ ቤቶች ባንክ በቤት ብድር ላይ ያተኮረ የመጀመሪያው የግል ባንክ ነው፤ ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን አንድ ባንክ ለአገር አይበቃም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተገደበ፤ በኋላ ገደቡ ላላ ቢልም ሲጠብብ መጀመሪያ የሚቀረው የደመወዝተኛ የቤት ብድር ነው። በገጠሩስ? ወላይታ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመውን የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ዋዱን ያውቃል፤ ገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ወስዶ ከመኸር በኋላ የሚከፍልበትን አሠራር ያየው ያኔ ነው። ለማሳ ብድር መስጠት ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ልማድ ሆኖ ሳለ ለክዳን ብድር መስጠት አሁንም እንግዳ ነገር ነው። ይህ ሊስተካከል የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ። 50 ቅጠል ቆርቆሮ በአንድ ጊዜ ገዝቶ በሁለት ዓመት የሚከፍል ሰው፣ በሁለት ዓመት አምስት አምስት ቅጠል እየገዛ ከሚሠራው ሰው በእጅጉ ባነሰ ወጪ ቤት ይገባል።

ተቆራርጦ መሥራት ወጪውን ያበዛዋል ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። መሠረቱን ጨርሶ ሁለት ዓመት ያቆመ ሰው የተጋለጠው ፌሮ ዝጎበታል፤ ይቦረሻል ወይም ይቀየራል። ግንበኛው ሌላ ሥራ ይዟል፤ አዲሱ ግንበኛ የፊተኛውን ሥራ ማፍረስ ይፈልጋል። አሸዋው በዝናብ ታጥቧል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤተሰቡ ኪራይ ይከፍላል። በ2016 ዓ.ም. በዞኑ መምህራንና የጤና ሠራተኞች ደመወዝ ለወራት ሲዘገይ የቆመው የቤተሰብ ማዕድ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ ደመወዝ እየተቆነጠረ የሚሠራው ግንባታ ሁሉ ቆሟል። የቆመ ግንባታ ደግሞ ባለበት አይቆይም፤ ወደ ኋላ ይሄዳል።

መሬቱ

የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆነ። ያኔ ለመኖሪያ የሚፈቀደው ጣሪያ 500 ካሬ ሜትር ነበር። ዛሬ በማኅበር ለተደራጁ ሠራተኞች የሚደርሰው ቦታ ከዚያ በብዙ ያንሳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሏል፤ ሰው የሚገዛዛው ቤት ነው። ግን አራት እንጨት ቆሞበት፣ በአሮጌ ቆርቆሮ የተከደነ «ቤት» ከትልቅ ቪላ ዋጋ ጋር ሲወዳደር ዋጋው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ሶዶ ላይ ይህ ዋጋ የናረበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች አመጣ። ከዚያ አዲስ ክልል ለመመሥረት ሕዝበ ውሳኔው መጣ፤ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. የተሰጠው ድምፅ በወላይታ ሰኔ 12 ተደገመ። በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከሉ ሆነች። ቢሮዎች ከሠራተኞቻቸው ጋር ገቡ፤ ሁሉም ማደሪያ ፈለገ። የአርባ ምንጭ፣ የሆሳዕና፣ የሻሸመኔ፣ የዳውሮና የጎፋ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ መሆኗ ለነጋዴም ለደላላም ተመቸ። ኪራይ ሲወጣ ለቤት የሚቆጠበው ይቀንሳል፤ የሚቆጠበው ሲቀንስ ኪራይ ቤት ውስጥ የሚኖርበት ዘመን ይረዝማል።

የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ሊዝ ሰጥቶ፣ ለአነስተኛ ግንባታ ማጠናቀቂያ እስከ 24 ወር አስቀምጧል። ዓላማው ቦታ አጥሮ የሚያስቀምጠውን መቆጣጠር ነው፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን በ11,500 ብር ደመወዝ በ24 ወር ውስጥ ባለ 50 ቅጠል የብሎኬት ቤት የሚጨርስ ሰው አላውቅም። ሕጉና ደመወዙ በማይስማሙበት ቦታ ሰው ሦስት ምርጫ አለው። ቦታውን ለሌላ ያስተላልፋል፤ አለዚያም ወጪ ለመቀነስ ከማይቀነሰው ይቀንሳል። ወይም ከነጭራሹ ሕጋዊውን በር ትቶ ከከተማው ዳር በሌሊት ጨረቃ ቤት ያቆማል፤ ካርታ የለውም፤ ይፈርሳል በሚል ሥጋት ደህና መሠረት አይጥልም፤ ስለዚህም በየጥቂት ዓመቱ እንደገና ይሠራል።

ቦታ ሲመረጥ ስለ ቁልቁለቱም መጠየቅ አለበት። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ውስጥ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በወላይታ ካዎ ኮይሻ ወረዳም መሬት ተንሸራትቶ ሰዎች ሞተዋል። ርካሽ ነው ተብሎ ገደል አፋፍ ላይ የሚገዛ ቦታ ርካሽ አይደለም።

ከማይቀነሰው ሲቀነስ

ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው የማይታየው ነው። ከመሠረት ጥልቀት ይቀነሳል። ከአርማታው ሲሚንቶ ይቀነሳል፤ አንድ ሜትር ኩብ ደህና አርማታ 360 ኪሎ ያህል እንደሚፈልግ እየታወቀ። ከሁሉ በላይ ግን ውኃ ይቀነሳል። አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ሶዶ ላይ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ፣ በጋሪ የሚመላለሰው ጄሪካን ሲወደድ፣ «ሁለት ቀን ጠጥቷል፤ ይበቃዋል» ይባላል። በብዙ ሺህ ብር የተገዛ ሲሚንቶ በጥቂት በርሜል ውኃ እጦት ከጥንካሬው ትልቅ ድርሻ ያጣል። ከሁሉም ብክነት የሚያንገበግበኝ ይኼኛው ነው፤ ምክንያቱም ማስቀረት ቀላል ነበር። አስቀድሞ የጎረቤት ክዳን ላይ አሸንዳ ሰቅሎ በርሜል ማቆም ይበቃ ነበር።

የእጅ ዋጋም ሲደራደሩበት ባለቤቱ ራሱን ይጎዳል። በካሬ ተዋውሎ በጣም ዝቅ ባለ ዋጋ የያዘ ግንበኛ ኪሣራውን የሚያካክሰው በፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱ ደግሞ የሚከፈለው ከቤቱ ጥራት ነው። በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 መሠረት ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤት በምድብ «ሀ» ይገባል፤ ከትልልቅ ሕንፃዎች ያነሰ ቁጥጥር ይደረግበታል። ለድሃው ማቅለያ ነው፤ ግን ሥራውን የሚያይለት ዓይን አሳጥቶታል። ከማዘጋጃ ቤት አንድ ሰው መሠረት ሲቆፈርና ኮለን ሲሞላ ሁለት ጊዜ ብቅ ቢል ኖሮ ብዙ ስንጥቅ ይቀር ነበር።

አፈሩን እንደገና ማየት

እ.ኤ.አ. በ1956 ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ ሲንቫ ራም የሚባል በእጅ የሚሠራ መጭመቂያ ተፈለሰፈ። አፈርን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር አጣብቆ ብሎኬት ያወጣል፤ እሳት አይፈልግም፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተሠርቶበታል። ከዚያ በፊት ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፋቲ በሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የተባለ መንደር በጭቃ ጡብ ገንብቶ ነበር። ቤቶቹ ያማሩ ነበሩ፤ የመንደሩ ሰዎች ግን ሊገቡባቸው አልፈለጉም። ከሁለቱ ታሪክ የምወስደው አለ። የአፈር ቴክኖሎጂው አያጠራጥርም፤ የሚያጠራጥረው ክብሩ ነው። ሰው የጭቃ ቤትን የሚሸሸው የድህነት ምልክት ስለተደረገበት ነው። ባለሥልጣኑ ሲያፈርሰው፣ ባንኩ መያዣ አድርጎ አልቀበልም ሲለው፣ ማዘጋጃ ቤቱ «ጊዜያዊ» ብሎ ሲጽፈው፣ ጎረቤትም ያንኑ ይማራል።

ስለዚህ የሶዶ ከተማ አስተዳደርንና የክልሉን የከተማ ልማት ቢሮ የምለምነው ሦስት ነገር አለ። በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመን የአፈር ቤት እንደ ቋሚ ቤት ተቀበሉት፤ ካርታም ግምትም ይሰጠው። የ24 ወሩን ገደብ በደረጃ ከፋፍሉት፤ መሠረቱንና አንድ ክፍል በክዳን የጨረሰ ሰው ግዴታውን እንደጀመረ ተቆጥሮ የቀረውን በጊዜው ይጨምር። የቁጠባና ብድር ማኅበራት ለክዳንና ለመሠረት ብቻ የሚውል አጭር ብድር እንዲሰጡ አበረታቱ። የገንዘቡ መጠን ትንሽ ነው፤ ቤቱን ከአምስት ዓመት ወደ ሁለት ዓመት ያወርደዋል።

ዘንድሮ ከኅዳር በኋላ ለመጀመር ያሰባችሁ ደግሞ ይህን ያዙልኝ። ክፍል ቀንሱ፤ ባለ 50ውን ባለ 30 አድርጉት፤ ነገ የሚቀጠልበትን ጎን ክፍት ተዉት። የያዛችሁት ገንዘብ ክዳኑን እስኪያለብስ ካልደረሰ እንጨት አታቁሙ። ቆርቆሮ ከመቁጠራችሁ በፊት የመጀመሪያውን ብር ድንጋይ ላይ አውሉት።